ብዙ ጌታ ያየው ቤት
(ስለ ፓርተኖን ታሪክና ስላላባራው ክርክር የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ቤት ነው። ቤቱ በግሪክ ዋና ከተማ በአቴንስ፣ አክሮፖሊስ በሚባለው አምባ ላይ የቆመው ፓርተኖን ነው። ሄዶ ያላየው እንኳ በመማሪያ መጽሐፍ ያውቀዋል። የዩኔስኮ ዓርማ የተቀዳው ከእሱ ነው። በየአገሩ ያሉ ፓርላማዎች፣ ፍርድ ቤቶችና ባንኮች ከፊታቸው ዓምድ ሲደረድሩ ዓይናቸው የነበረው እዚህ ቤት ላይ ነው።

መልኩ እንዲህ ጎልቶ ቢታወቅም የሕይወት ታሪኩ ግን እምብዛም አይነገርም። በሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜው ቤተ መቅደስ ሆኗል፤ ግምጃ ቤት ሆኗል፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊክ ካቴድራል፣ መስጊድ፣ የባሩድ መጋዘንና ፍርስራሽም ሆኗል። በመጨረሻ የአንድ አዲስ መንግሥት ምልክት ሆነ። ከቅርጾቹ ከተረፉት ግማሽ ያህሉ ዛሬ ያሉት በአቴንስ ሳይሆን በለንደን ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረው ክርክርም በእነዚህ ላይ ነው።

የምሟገትለትን ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፓርተኖንን የያዘ ሁሉ ቤቱን የራሱ ያደረገው የቀደመውን ሰው አሻራ እየፋቀ ነው። ስለዚህ «እጄ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊቆም የሚችል ወገን የለም፤ ግሪኮችም ቢሆኑ። ይህን ካመንኩ በኋላም የለንደኖቹ ቅርጾች ወደ አቴንስ መመለስ አለባቸው እላለሁ። ምክንያቴን ለማስረዳት ታሪኩን ሳልሸራርፍ መተረክ አለብኝና ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቃጠሎ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርስ ጦር አቴንስን ያዘ፤ በአምባው ላይ በመሠራት ላይ የነበረውንም ቤተ መቅደስ አጠፋ። ባለአገሮቹ ሲመለሱ ከፍርስራሹ ያገኟቸውን የዓምድ ድንጋዮች አልጣሏቸውም። ከከተማው ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው እንዲታዩ አድርገው በአምባው ሰሜናዊ ቅጥር ውስጥ ደረደሯቸው፤ ዛሬም እዚያው አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ነውና ነገሩ፣ ፋርስ ያደረገችውን ለልጅ ልጅ በድንጋይ አስቀመጡት።

የፋርስ ስጋት ገና ስላልተነሣ፣ በ478 የኤጅያን ባሕር ደሴቶችና የጠረፍ ከተሞች በአቴንስ መሪነት ኅብረት መሠረቱ። መርከብ ያለው መርከብ፣ የሌለው ገንዘብ ያዋጣ ነበር። ገንዘቡ የሚቀመጠው ዴሎስ በምትባል የተቀደሰች ደሴት ላይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ መዋጮው ግብር፣ ኅብረቱም ግዛት ሆነ። ናክሶስ ከኅብረቱ ልውጣ ስትል በጦር ተመለሰች፤ የታሶስም ዕጣ ከዚያ አልተለየም። በ454 የኅብረቱ ግምጃ ቤት ከዴሎስ ወደ አቴንስ ተዛወረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከየከተማው ግብር ከስድሳው አንድ እጅ የከተማይቱ አምላክ የአቴና ድርሻ እየተባለ በድንጋይ ላይ ይመዘገብ ነበር። ስብርባሪው መዝገብ እስከ ዛሬ ይነበባል። ግምጃ ቤቱ በተዛወረ በሰባተኛው ዓመት፣ በ447፣ የፓርተኖን ሥራ ተጀመረ።

የሁለቱን ዓመታት ቅርበት የታዘብነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጥንታዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ስለ አቴንስ መሪ ስለ ፔሪክለስ በጻፈው ታሪክ እንደሚነግረን፣ ክርክሩ ያን ጊዜውኑ በአቴንስ ጉባኤ ተነሥቶ ነበር። የፔሪክለስ ተቃዋሚዎች ለጦርነት በግዳጅ የተዋጣው የጋራ ገንዘብ ለከተማችን ጌጥ መዋሉ ለግሪክ ሁሉ ስድብ ነው አሉ። ፔሪክለስ ደግሞ ከፋርስ እስከጠበቅናቸው ድረስ ስለ ገንዘቡ ሒሳብ ልንሰጣቸው አንገደድም ብሎ መለሰ። ከኅብረቱ ገንዘብ ምን ያህሉ ለዚህ ሕንፃ እንደዋለ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከዚህ የማተርፈው አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ቤት በማን ገንዘብ፣ ለማን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ከመሠረቱ ጋር አብሮ የተጣለ ነው።

ስለ ገንዘቡ ይህን ካልን ስለ እጁም እውነቱን እንናገር። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ ናቸው፤ የቅርጽ ሥራው በፊዲያስ የበላይነት ተመራ። እብነ በረዱ ከከተማው 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጴንቴሊኮን ተራራ ተፈልጦ መጣ። ሕንፃው በ438 ለአምልኮ ተመረቀ፤ የቅርጹ ሥራ በ432 አለቀ። ይህን የሚያህል ሥራ በ15 ዓመት! ወለሉ 70 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 31 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። በውጭ በኩል 46 ዓምዶች ይዞሩታል፤ በፊትና በኋላ ስምንት ስምንት፣ በጎንና በጎን ማዕዘኖቹን ጨምሮ አሥራ ሰባት አሥራ ሰባት።

የግንበኞቹ ጥበብ ይበልጥ የሚደንቀው ግን ዓይን የማያስተውለው ላይ ነው። ቀጥ ያለ የሚመስለው ወለል መሐሉ ላይ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ በመጠኑ ያዘነብላሉ፤ የማዕዘኖቹ ዓምዶች ከሌሎቹ ወፈር ይላሉ። ይህ ማለት እያንዳንዱ ድንጋይ ለተመደበለት ቦታ ብቻ ተለክቶ ተጠርቧል ማለት ነው። ጠራቢዎቹ እነማን እንደነበሩ የሚጠቁም መዝገብ ደግሞ ከጎኑ ባለው ከኤሬክቴዮን ሕንፃ ተገኝቷል። በዚያ የክፍያ መዝገብ ላይ የከተማው ዜጋ፣ መጻተኛውና ባሪያው አብረው ሲሠሩ፣ ለእያንዳንዳቸውም በቀን አንድ ድራክማ ሲታሰብ እናያለን። የባሪያው ድራክማ ማን ኪስ እንደሚገባ ግን መገመት አያዳግትም።

ቅርጾቹ በሦስት ወገን የሚታዩ ነበሩ። በጣሪያው ፊትና ኋላ ባሉት ሦስት ማዕዘኖች ውስጥ በምሥራቅ የአቴና ልደት፣ በምዕራብ ከፖሴይዶን ጋር ስለ ከተማይቱ ያደረገችው ውድድር ተቀርጿል። ከዓምዶቹ በላይ ሜቶፕ የሚባሉ 92 ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ እነሱ የጦርነት ትረካ ናቸው። ሦስተኛው፣ ፍሪዝ የሚባለው፣ ከዓምዶቹ በስተውስጥ የግድግዳውን አናት ሳይቋረጥ የሚዞር 160 ሜትር የቅርጽ ረድፍ ነው። ፈረሰኞች፣ የመሥዋዕት ከብት የሚነዱ ወጣቶች፣ እንስራ የተሸከሙ፣ ዋሽንት የሚነፉ፣ ሽማግሌዎችና ደናግል፣ በመጨረሻም ተቀምጠው የሚጠብቁ አማልክት ይታዩበታል። አብዛኞቹ ሊቃውንት የአቴና ዓመታዊ በዓል ጉዞ ነው ይሉታል፤ በከተማዋ መሥራቾች አፈ ታሪክ ስለተሠዋች ልጃገረድ ነው የሚሉም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ፍሪዙ መነሻና መድረሻ ያለው አንድ ሰልፍ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በውስጥ የቆመችው ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ የተሠራችው የአቴና ምስል ነበረች፤ ቁመቷ 12 ሜትር ያህል። በላይዋ ላይ የነበረው ወርቅ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ ችግር ሲመጣ ሊወልቅ እንዲችል ሆኖ ነበር የተሠራው። በኋላ በተነሣ ጦርነት ዋዜማ ፔሪክለስ ስለ ከተማይቱ ሀብት ሲናገር ይህንንም ወርቅ ከመጠባበቂያው ጋር ደምሮ መቁጠሩን የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ ጽፏል። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚያከብረው፣ በበዓሉም ልብስ የሚያለብሰው የአቴና ምስል ሌላ ነበር፤ እሱ ከወይራ እንጨት የተሠራ፣ በጎረቤት መቅደስ የሚኖር ትንሽ ምስል ነው። ፓርተኖን እንግዲህ ቤተ መቅደስ ቢሆንም የመንግሥት ካዝናም፣ የድል ሐውልትም ነበር።

ውድ ታዳሚዎች፣ ወደ ሁለተኛው ሕይወቱ እንለፍ። ክርስትና የሮም ግዛት ሃይማኖት ከሆነ በኋላ፣ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ባለው ጊዜ ፓርተኖን በወላዲተ አምላክ በማርያም ስም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የጥንቱ በር በምሥራቅ ነበር፤ መንበሩ ወደ ምሥራቅ መሆን ስላለበት በሩ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ በምሥራቅ በኩልም ቅርጹ ተነሥቶ የመቅደሱ ቅስት ተሠራ። በሦስቱ ወገን ያሉት ሜቶፖች የጣዖት ሥራ ናቸው ተብለው በመዶሻ ተጠረቡ። በሰሜን ጫፍ ያለው አንዱ ሜቶፕ ግን ሳይነካ ቀረ። አንዲት የተቀመጠችና አንዲት የቆመች ሴት ይታዩበታል፤ ክርስቲያኖቹ የቅዱስ ገብርኤልንና የእመቤታችንን የብሥራት ሥዕል መስሏቸው ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ዘመን በጥንታውያኑ አድናቂዎች ዘንድ እንደ ጨለማ ይታለፋል። ፓርተኖን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ የኖረበት ዕድሜ ግን የአቴና ቤት ሆኖ ከኖረበት ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዓምዶቹ ላይ የምእመናን ጸሎትና የጳጳሳት ዕረፍት በጽሑፍ ተጭሮ ይገኛል። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ባሲል ቡልጋሮችን ድል ካደረገ በኋላ በ1018 እዚህ ድረስ መጥቶ ለማርያም ምስጋና አቅርቧል። ከ1204 ወዲህ የመስቀል ጦረኞች አገሩን ሲይዙ ኦርቶዶክሳዊው ካቴድራል የላቲን ካቴድራል ሆነ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኦቶማኖች ሲገቡ ደግሞ መስጊድ ሆኖ ሚናራ ተተከለበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎበኘው ታዋቂው የኦቶማን ተጓዥ ኤቭሊያ ቼሌቢ በሥራው ተደንቆ ጽፏል። እምነቱ በተቀያየረ ቁጥር ቤቱ ብዙ ተነክቷል። ግን ጣሪያ ነበረው፤ ሰው ይጸልይበት ነበር፤ ቆሞ ነበር።

ያፈረሰው ሃይማኖት አልነበረም። በ1687 በፍራንቼስኮ ሞሮሲኒ የሚመራ የቬኒስ ጦር አቴንስን ከበበ። ኦቶማኖቹ በፓርተኖን ውስጥ ባሩድ አከማችተው ነበር፤ ሴቶችና ሕፃናትም ተጠልለውበት ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን የቬኒስ ሞርታር ባሩዱን አገኘው። ጣሪያው፣ የውስጡ ግድግዳዎች፣ በጎንና በጎን ያሉ ዓምዶች በአንድ ቅጽበት ወደቁ። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች አለቁ። ስለ ቅርጾቹ መጎዳት በየመጽሐፉ ገጽ በገጽ ስናነብ፣ ስለ እነዚህ ሰዎች ግን አንድ መስመር ብቻ ማግኘታችን የሚያሳፍር ነው። ሞሮሲኒ ከድሉ በኋላ የምዕራቡን ሦስት ማዕዘን ፈረሶች ለቬኒስ ጌጥ ሊያወርድ ሞከረ፤ ከሠራተኞቹ እጅ አምልጠው ተከሰከሱ። በሚቀጥለው ዓመት ከተማውን ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ፍርስራሹ ለአካባቢው ሰው ድንጋይና ኖራ፣ ለአውሮፓ ተጓዥ ደግሞ በኪሱ የሚከታት ማስታወሻ መልቀሚያ ሆነ።

የክርክሩ እምብርት ወደሆነው ሰው ደረስን። ቶማስ ብሩስ፣ ሰባተኛው የኤልጊን ጌታ፣ በ1799 በኦቶማን ቤተ መንግሥት የብሪታንያ አምባሳደር ሆኖ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያሰበው ሠዓሊዎች ልኮ ቅርጾቹን ለማሣልና በጀሶ ለማስቀዳት ነበር። በ1801 የብሪታንያ ጦር ፈረንሳዮችን ከግብፅ ሲያስወጣ ኦቶማኖች የውለታ ባለዕዳ ሆኑ፤ አምባሳደሩም የፈለገውን ለመጠየቅ ምቹ ጊዜ አገኘ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል ለእሱ የተተረተ ይመስላል። በዚያ በጋ አንድ የፈቃድ ደብዳቤ ወጣ። የኦቶማን ዋናው ጽሑፍ አልተገኘም፤ ያለው የጣሊያንኛ ትርጉሙ ነው። ትርጉሙ ሠዓሊዎቹ እንዲሠሩ፣ ጽሑፍ ወይም ምስል ያለባቸው ጥቂት ድንጋዮች ሲወስዱም እንዳይከለከሉ ይላል። የኤልጊን ሰዎች ይህን ከፍርስራሹ መልቀም ሳይሆን ከቆመው ሕንፃ ላይ ማውረድ ብለው ተረጎሙት፤ የአካባቢው ሹማምንትም አላስቆሟቸውም።

ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቫኒ ባቲስታ ሉሲዬሪ ነበር። ሜቶፖቹን ለማውጣት በላያቸው ያለው የሕንፃው ክፍል ፈረሰ። የፍሪዙ ድንጋዮች ለመርከብ እንዲቀልሉ ጀርባቸው በመጋዝ ተቆረጠ። ሜንቶር የተባለችው መርከብ በ1802 በኪቴራ ደሴት አጠገብ ሰጠመች፤ ጭነቷን ጠላቂዎች ከባሕር ወለል ለማውጣት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ጠቅላላው ጭነት ከፍሪዙ 75 ሜትር፣ ከሜቶፖቹ 15፣ ከሦስት ማዕዘኖቹ 17 ምስሎች ደረሰ። ኤልጊንም አልቀናውም። ወደ አገሩ ሲመለስ በፈረንሳይ ታሰረ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ በዕዳ ተዘፈቀ። ገጣሚው ባይረን በግጥሞቹ አብጠለጠለው። በመጨረሻ ቅርጾቹን ለመንግሥት ለመሸጥ ቀረበ፤ ያወጣሁት ከ70 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው ቢልም 35 ሺህ ፓውንድ ብቻ ተሰጠው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ1816ቱ የፓርላማ ክርክር ነው። ዛሬ «በዚያ ዘመን መለኪያ ነገሩ ትክክል ነበር» የሚለን ሰው ያን ውሎ ያንብብ። ሂዩ ሐመርስሊ የተባለ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ ያቀረበው ሐሳብ ነበር። ብሪታንያ ቅርጾቹን የምትይዛቸው በአደራ ይሁን፤ አቴንስን የያዘ መንግሥት፣ ዛሬም ይሁን ወደፊት፣ ሲጠይቅ ይመለሱ የሚል። ግሪክ ገና ነፃ ባልወጣችበት፣ አመፁ ራሱ ሊነሣ አምስት ዓመት በቀረው ጊዜ የተነገረ ነው። ሐሳቡ አላለፈም፤ ግዥው በ82 ድምፅ በ30 ጸደቀ። እንግዲህ የመመለሱ ጥያቄ በኋላ ዘመን የተፈጠረ አይደለም፤ ግዥው በጸደቀበት አዳራሽ ተነሥቶ የነበረ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ያገራችን ሰው።

አሁን ደግሞ የግሪኮቹን ወገን በዚያው ሚዛን ላይ ላስቀምጥ። አዲሱ የግሪክ መንግሥት ቆሞ ባቫሪያዊው ንጉሥ ኦቶ በነገሠ ጊዜ፣ በ1834 ጀርመናዊው አርክቴክት ሊዮ ፎን ክሌንዘ በአምባው ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት የአረመኔ ዘመን ያለው ቅሪት ሁሉ እንደሚጠረግ ተናገረ። እንደተባለውም ሆነ። በፍርስራሹ ውስጥ የነበረችው ትንሽ መስጊድ ተነሣች፤ የኦቶማን ቤቶች ፈረሱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቅሪት ተለቀመ። መካከለኛው ዘመን የተወው ትልቅ ግንብ ትሮይን በቆፈረው በሽሊማን ገንዘብ በ1870ዎቹ ተናደ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ባዶ፣ ነጭ፣ «ጥንታዊ» አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተበጀ ነው። ጥገናውም ቢሆን ያለ ጥፋት አልሄደም። የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋዮቹን ያያያዙበትን ብረት እንዳይዝግ በእርሳስ ይለብጡት ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥገናውን የመራው ኒኮላዎስ ባላኖስ ያለ እርሳስ ብረት አስገባ፤ ብረቱ ዝጎ ሲያብጥ እብነ በረዱን ሰነጠቀ። ይህን ለማረም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕንፃው ድንጋይ በድንጋይ እየተፈታ በቲታኒየም እየተያያዘ ነው።

እነሆ ሒሳቡ ከነሙሉ ዝርዝሩ ቀረበ። ታዲያ ከዚህ ተነሥተን እንዴት እንፍረድ? ቅርጾቹ የሚገኙበት የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ደጋፊዎች የሚያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ልመልከት።

አንደኛው «እኛ ባንወስዳቸው ይጠፉ ነበር» የሚል ነው። በውስጡ እውነት አለ። በሕንፃው ላይ የቀረው የምዕራቡ ፍሪዝ እስከ 1993 ድረስ እዚያው ነበርና የአቴንስ አየር በክሎታል። ለንደንም ግን ፍጹም ጠባቂ አልነበረችም። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሙዚየሙ ሠራተኞች ቅርጾቹን ነጭ ለማድረግ በመዳብ መሣሪያና በሻካራ ድንጋይ ፍቀዋቸዋል፤ የጥንቱ የድንጋይ ገጽ ተነሥቷል፤ ጉዳዩም ለብዙ ዓመት ተሸፋፍኖ ቆይቷል። ደግሞስ አንድ ሰው የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ከእሳቱ ያወጣውን ዕቃ እሳቱ ከጠፋ በኋላ የኔ ነው ይላል? ያመሰገኑታል፤ ዕቃውን ግን ይረከቡታል።

ሁለተኛው «በሕጋዊ ፈቃድ ነው» ይላል። ፈቃዱ ምን እንደሚል ነግሬአችኋለሁ። በ2024 በዩኔስኮ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ የቱርክ ተወካይ፣ ግዥውን ሕጋዊ የሚያደርግ ሰነድ አናውቅም ስትል ለግሪክ ድጋፍ ሰጥታለች። የፈቃድ ሰጪው መንግሥት ወራሽ እንዲህ ካለ፣ በዚያ ደብዳቤ ላይ የተንጠለጠለ ክርክር ብዙ አይራመድም።

ሦስተኛው የዓለም አቀፍ ሙዚየም ክርክር ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር አሦርን፣ ግብፅን፣ ግሪክንና አፍሪካን እያነጻጸሩ ማየት ለሰው ልጅ ሁሉ ይጠቅማል፤ መግቢያውም በነፃ ነው ይላሉ። ይህን ነጥብ አላቃልለውም፤ ከሦስቱ የተሻለው ነው። ፓርተኖን ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ያዙልኝ ያልኳችሁን ሰልፍ አስታውሱ። ፍሪዙ አንድ ትረካ ነው፤ ግማሹ ፈረሰኛ ለንደን፣ ግማሹ አቴንስ ነው። የምዕራቡ ሦስት ማዕዘን ፖሴይዶን ደረቱ ከፊሉ በአንዱ ከተማ፣ ከፊሉ በሌላው ይገኛል። ይህ ማነጻጸር አይደለም፤ ማንም ሙሉውን እንዳያይ ማድረግ ነው። የአንድ ብራና ግማሽ ቅጠል በአንድ አገር፣ ግማሹ በሌላ ቢሆን እንዲገጣጠም የማይጠይቅ ሊቅ ይኖራል?

ቦታው ደግሞ አለ። በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም የላይኛው ፎቅ ከፓርተኖን ጋር በአንድ አቅጣጫ ተሠርቷል፤ ፍሪዙ በሕንፃው ላይ በነበረበት ቅደም ተከተል ተደርድሯል። የለንደኖቹ ቦታ በጀሶ ቅጂ ተሞልቷል። የግሪክ የባህል ሚኒስትር የነበረችው ሜሊና ሜርኩሪ በ1982 በሜክሲኮ በዩኔስኮ ጉባኤ ጥያቄውን ባቀረበች ጊዜ «የት ልታኖሯቸው ነው?» ይባል ነበር፤ ይህ ጥያቄ ከ2009 ወዲህ መልስ አግኝቷል። ሌሎች መመለስ ጀምረዋል። የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ በ2006፣ የፓሌርሞ ሙዚየም በ2022፣ ቫቲካን በ2023 በእጃቸው የነበረውን ስብርባሪ መልሰዋል። የቀረው መሰናክል የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግና «ውሰት» የሚለው አማራጭ ነው። ግሪክ ውሰትን አትቀበልም፤ የተዋሰ ሰው የባለቤትነትን ጥያቄ አስቀድሞ ለቅቋልና። ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ፓርላማ ሊያሻሽለው ይችላል።

ክቡራን ታዳሚዎች፣ ኢትዮጵያውያን ይህን ክርክር እንደ ሩቅ ሰው ወሬ አንሰማውም። በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከተዘረፈው ንብረት ከፊሉ ወደዚያው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል፤ የሙዚየሙ ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከዘመቻው ጋር አብሮ ተጉዞ ነበር። ዐሥራ አንድ ታቦታት ዛሬም በሙዚየሙ ውስጥ አሉ። በ1871 ግላድስተን በፓርላማ ቆሞ ይህ ንብረት መምጣቱ እንዳሳዘነው ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው ሙዚየሙ መጽሐፉን መልሷል። መመለስ ሙዚየሙን ያፈርሰዋል ለሚል ሰው ይህን የ1872 ታሪክ ንገሩት።

ሆኖም የግሪኮችን ክርክር ገልብጠን የራሳችን እንዳናደርገው እመክራለሁ። ሁለቱ ጉዳዮች ይለያያሉ። ኤልጊን አከራካሪ ቢሆንም ወረቀት ነበረው፤ በመቅደላ የነበረው ጦርና ሐራጅ ብቻ ነው። ለአቴና ዛሬ የሚሠዋላት የለም፤ ቅርጾቿን የሚጠብቃቸው ተመልካች ነው። ታቦት ግን ለእይታ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሙዚየሙ ራሱ ለሕዝብ አያሳየውም፤ የሚጠብቀው መንበርና ምእመን ነው። የግሪክ ክርክር በሥራው አንድነት ላይ ይቆማል፤ የእኛ በአምልኮና በዘረፋው ግልጽነት ላይ። እያንዳንዱ በራሱ እግር ሲቆም ይጠነክራል። የአክሱም ሐውልት ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 የተተከለው በራሱ ምክንያትና በራሱ ሰነድ ነው።

ላጠቃልል። ቅርሱ ይመለስልኝ የሚል ሕዝብ ታሪኩን አሳጥቦ ማቅረብ የለበትም። ፓርተኖን በግዳጅ ገንዘብ የተገነባ ሊሆን ይችላል፤ ክርስቲያኖች ጠርበውታል፤ ግሪኮች ራሳቸው የሌሎችን ዘመን ከላዩ ፍቀዋል። ይህ ሁሉ ተነግሮም ጥያቄው አይዳከምም፤ ምክንያቱም ጥያቄው የተመሠረተው በአንድ በተቆረጠ ሥራና ዛሬም በቆመ ሕንፃ ላይ ነው። በዚያው ልክ፣ ቅርጾቹ ተመልሰው ሙሉው ሰልፍ በአቴንስ ሲቆም፣ ግድግዳው ላይ የሚጻፈው መግለጫ የዴሎስን ግምጃ ቤት፣ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊዱንና በ1687 ያለቁትን ሦስት መቶ ሰዎች ሊዘል አይገባም። ለንደን ቅርጾቹን ትመልስ፤ አቴንስም ታሪኩን ትሙላ። ሁለቱም ዕዳ አለባቸው፤ የመጀመሪያው ግን ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።